ስንዱ ገብሩ፦ ሹመታቸው ይዘመራል፣ መጽሐፋቸው አይነበብም

ኮዬ ፈጬ በዜና የሚነሳው በሁለት ነገር ነው፦ በዕጣና በወሰን። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ ከሳይቶቹ አንዱ የነበረው ይህ ሰፈር በጥቂት ቀናት ውስጥ የአገር መነጋገሪያ ሆነ። ገበሬው ከመሬቱ ምን አገኘ፣ ዓመታት የቆጠበው ሰው ቁልፉን ለምን ይነፈጋል፣ ወሰኑስ የት ድረስ ነው ተባለ፤ ሰልፍ ተወጣ፤ መግለጫ በመግለጫ ላይ ተደራረበ። ከዚያ ወዲህም ስሙ ከተነሳ ወይ ስለ ውኃ ነው፣ ወይ ስለ ታክሲ ሰልፍ ነው። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። ያልተጠየቀ ግን አንድ አለ፦ በእነዚያ ሕንጻዎች ውስጥ የምታድግ ልጅ፣ ከአገሯ የመጀመሪያዎቹ ሴት ደራስያን የአንዷን መጽሐፍ ላንብብ ብትል፣ ከየት ታገኘዋለች?

ይህን እንደ ቅንጦት የሚቆጥር አይጠፋም። «ሰው ጄሪካን ይዞ ደረጃ በሚወጣበት ሰፈር የድሮ መጽሐፍ ምን ያደርጋል?» ይላል። ለእርሱ መልሱ ይመጣል፤ ይታገስ። በቅድሚያ መጽሐፉም ደራሲዋም ይታወቁ።

ደራሲዋ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ስማቸው አዲስ አይደለም። በየዓመቱ የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን በመጣ ቁጥር፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፋቸው ከቻናል ወደ ቻናል ይዞራል። ከሥሩ የሚጻፈውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል፣ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ አርበኛ። ከዚያ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ቦታ ከተረፈ፣ «ደራሲም ነበሩ» ይባላል።

ጠቡ ከዚህች «ም» ጋር ነው።

«ደራሲም» ማለት ሌላ ሥራ ነበራቸው፣ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ ብዕር ይዘው ነበር ማለት ነው። ልክ «ጥልፍም ይችሉ ነበር» እንደሚባለው። ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርም ሚኒስትርም ነበሩ፤ ግን «አምባሳደር ነበሩ፣ ደራሲም ነበሩ» ብሎ የሚጽፍ የለም። «ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ» ነው የሚባለው፤ ሹመቱ ነው በ«ም» የሚቀጠለው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ትልልቅ የመንግሥት ሥልጣን ይዘዋል፤ የሚታወሱት ግን በ«አርአያ» ነው። ለወንዱ ብዕሩ ሹመቱን ይሸፍናል፤ ለሴቷ ሹመቷ ብዕሯን ይሸፍነዋል። ይህ የአጋጣሚ ነገር ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ እንኳ ተገላብጦ ይታይ ነበር።

አሁን ሕይወታቸውን እንይ፤ ምክንያቱም «ም» የምትባለዋ ፊደል ሐሰት መሆኗን የሚመሰክረው ራሱ ሕይወታቸው ነው።

ወ/ሮ ስንዱ የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ አውሮፓ የተማሩ፣ ቋንቋ ያወቁ፣ በየመንግሥታቱ ለመልእክት የሚላኩ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1919 ከደጃዝማች ናደውና ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር ወደ አሜሪካ ከሄደው የኢትዮጵያ ልዑክ አንዱ እርሳቸው ናቸው። ሴት ልጆቻቸውን ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሩ። ስንዱ ተምረው የተመለሱት ጦርነቱ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ጣሊያን ሲገባ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወረዱ፤ ጎሬ ላይ በቀይ መስቀል ሥራ ቁስለኛ አከሙ፤ ከጥቁር አንበሳ አርበኞችም ጋር ነበሩ። ተያዙ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተደረገው እልቂትና አፈሳ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ ሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ያኔ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበሩ።

ከነጻነት በኋላ የሆነው ነው ዋናው። ብዙ ሰው የዚያን ዘመን መከራ በቤቱ፣ በቡና ላይ ያወራው ነበር። እርሳቸው ጻፉት። በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» ታተመ። በአንድ ጥራዝ ተውኔትም፣ ዝርው ጽሑፍም፣ ግጥምም ይዟል፤ የወረራው ዘመን ትዝታ በውስጡ ይመላለሳል። «የየካቲት ቀኖች» እና «ኮከብህ ያውና ያበራል ገና» የሚባሉ ተውኔቶችም አሏቸው። ተውኔቶቻቸው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት መድረክ ታይተዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ በከተማው የሕዝብ ቴአትር ሴት ገጸ ባሕርይ ስትኖር ቀሚስ ለብሶ የሚጫወታት ወንድ ነበር። ሴት ተዋናይ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበር፤ አስናቀች ወርቁና ጥቂት እኩዮቿ ያንን ለመስበር ምን ያህል ስድብ እንደከፈሉ የቴአትር ሰው ያውቀዋል። በእቴጌ መነን ግን ደራሲዋ ሴት፣ ተዋናዮቹ ልጃገረዶች፣ ታሪኩም ገና ያልጠገገ የአገር ቁስል ነበር። ልጃገረዶች በአደባባይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ አገር ጉዳይ ሲናገሩ አስቡት። ይህ «ደራሲም» ነው? ዳይሬክተርነቱና ድርሰቱ ሁለት ሥራ አልነበሩም። ትምህርት ቤቱ የድርሰቱ ማተሚያ ቤትም፣ ቴአትር ቤትም፣ አንባቢም ነበር። (ያ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ስሙ ተለውጦ «የካቲት 12» ተባለ። በየካቲት 12 ምክንያት የተጋዙትና ስለ የካቲት የጻፉት ዳይሬክተሩ ራሳቸው መሆናቸውን ስያሜውን ያወጣው ኮሚቴ አስታውሶት ይሆን?)

ፓርላማው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957፣ በተሻሻለው ሕገ መንግሥት በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ተወዳድረው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ፤ ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን ያ ፓርላማ ፓርቲ የሌለበት፣ የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ የሆነበት ቤት ነበር። እዚያ ውስጥ የተናገሩት በመዝገብ ቤት አቧራ ይለብሳል። መጽሐፉ ግን ማንም በፈለገበት ቀን ገልጦ ሊሟገተው የሚችል ነገር ነው። አገሪቱ ግን ከሁለቱ የመረጠችው ወንበሩን ነው።

ለምን? ወንበር ለማክበር ማንበብ አያስፈልግም። «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል ለአዳራሽ ተናጋሪ ይመቻል፤ ለባነር ይመቻል፤ ለፖስት ይመቻል። መጽሐፍ ግን ጊዜ ይጠይቃል፤ ካነበቡት ደግሞ አስተያየት ይጠይቃል። ጥሩ ነው ወይስ ደካማ ነው? ገጸ ባሕርያቱ ሕይወት አላቸው ወይስ የደራሲዋ አፍ ናቸው? «የመጀመሪያዋ» ያላት ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ አመለጠ። አክብሮ አሰናበተ። አንድን ደራሲ ከስድብ የበለጠ የሚገድለው እንዲህ ያለ ሳይገለጥ የሚሰጥ ክብር ነው። የተሰደበ መጽሐፍ ቢያንስ ተነቧል።

አሁን የሥነ ጽሑፍ ዐዋቂው ይነሳል። «እውነቱን እንነጋገር፤ የዚያ ዘመን ጽሑፍ ስብከት ይበዛበታል፤ እንደ ጥበብ አይቆምም» ይላል። መልካም። ታዲያ የማን ጽሑፍ ነው ያኔ ስብከት ያልበዛበት? የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ድርሰቶች? «አርአያ» ራሱ ከፈረንሳይ የተመለሰ የተማረ ሰው እንዴት አገሩን ማገልገል እንዳለበት የሚያስተምር መጽሐፍ አይደለም? የከበደ ሚካኤል ግጥሞችስ ለምክር አልተጻፉም? እነዚህ ሁሉ በትምህርት ቤት ተነበዋል፣ ተተንትነዋል፣ «የዘመኑ መንፈስ ነው» ተብሎ ምክራቸው ተችሮላቸዋል። የዘመኑ መንፈስ ወንዱን ሲያድን ሴቷን ለምን ይኮንናል? ደካማ ነው የሚል ካለ ገጽ ጠቅሶ ይበል። ገጽ ለመጥቀስ ደግሞ መጽሐፉ ይኑረው።

ይህ የኢትዮጵያ በሽታ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱም በሌላ አገር ተሞክሯል። ዞራ ኒል ኸርስተን ጥቁር አሜሪካዊት ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበረች። ከንቲባ ገብሩ በ1919 ዋሽንግተን ሲደርሱ እርሷም በዚያው ሰሞን በዚያችው ከተማ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። «ዓይኖቻቸው እግዚአብሔርን ይመለከቱ ነበር» የሚለው ዋና ልብ ወለዷ የታተመው በ1937 ነው፤ ስንዱ ወደ አዚናራ በተጋዙበት ዓመት። ሪቻርድ ራይት፣ ከትልልቆቹ ጥቁር ደራስያን አንዱ፣ ወዲያው ቁም ነገር የለውም ብሎ አጣጣለው። (አንዷ መልእክት በዝቶባታል ተብላ ትጣላለች፣ ሌላዋ መልእክት የላትም ተብላ ትጣላለች፤ ሚዛኑ የማን እንደሆነ ልብ በሉ።) መጽሐፉ ከገበያ ጠፋ። ዞራ ኑሮ ከፍቶባት እስከ ቤት ሠራተኝነት ወርዳለች፤ በ1960 ፍሎሪዳ ውስጥ በድህነት ሞተች፤ የተቀበረችውም ምልክት በሌለው መቃብር ነው።

በ1973 ወጣቷ ደራሲ አሊስ ዎከር ሄዳ፣ አረም በዋጠው የመቃብር ቦታ ተንከራትታ፣ ይህ ይሆናል ባለችው ስፍራ ድንጋይ አቆመችላት። ሁሉም የሚያወራው ይህን ነው፤ ልብ ይነካልና። ዞራን ያስነሳት ግን ድንጋዩ ብቻውን አይደለም። ዎከር ያየችውን በመጽሔት ጻፈችው፤ በ1978 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ልብ ወለዱን መልሶ አሳተመው፤ መምህራን ወደ ክፍል አስገቡት፤ ተማሪዎች ተጨቃጨቁበት። ዛሬ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሰፊው ከሚነበቡ ልብ ወለዶች አንዱ ነው። ድንጋይ ላቆመ ይመስገን፤ በኢትዮጵያ ግን ሥራው ሁሉ ድንጋይ ማቆም ሆኖ ቀረ። በየዓመቱ የሚለጠፈው ፎቶ ሐውልት ነው፤ መጽሐፍ አይደለም።

ከዚያው ቤት ሌላ ምስክር አለ። የወ/ሮ ስንዱ ታናሽ እህት የውብዳር ገብሩ ናቸው፤ ዓለም የሚያውቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ብሎ ነው። እርሳቸውም በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል፤ እርሳቸውም ከቤተሰቡ ጋር አዚናራ ታስረዋል። የፒያኖ ሥራቸው በሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ነው፤ ለረጅም ዘመን ጥቂት ሰው ብቻ ያውቀው ነበር። በ2006 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጽ አድርጎ አወጣው፤ ከዚያ በኋላ ፒያኗቸው በፊልምና በማስታወቂያ ሳይቀር ተሰማ። በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ታላላቅ የዓለም ጋዜጦች ሐዘናቸውን ጻፉ። ደስ ይላል፤ ይገባቸዋል። ታላቅ እህታቸው ግን ያ ዲስክ ሲወጣ በሕይወት ነበሩ፤ ዘጠና ዓመታቸው ነበር። ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነው። በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ሹመታቸው ተቆጠረ፤ አፈር ለበሱ።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። ፒያኖ አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ፓሪስም ቶኪዮም ያለ ሰው ይሰማዋል። አማርኛ ግን የሚያነበው አማርኛ አንባቢ ነው። ለ«የልቤ መጽሐፍ» ከፈረንሳይ የሚመጣ ፋልሴቶ የለም። የአማርኛ አንባቢ ካላነሳው ማንም አያነሳውም።

እንግዲህ ወደ ኮዬ ፈጬ እንመለስ፤ ታገስ የተባለው ሰው ይጠብቃል።

በእነዚያ ብሎኮች ውስጥ መጻፍ የማይታወቅ ነገር አይደለም። በቴሌግራም በክፍል በክፍል የሚወጡ የአማርኛ ልብ ወለዶችን የሚከታተል ያውቃል፤ ከሚጽፉት ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በስልክ፣ በአውራ ጣት፣ ማታ ሥራና ጥናት ካለቀ በኋላ ነው የሚጽፉት። «ክፍል 14 ነገ ይቀጥላል» ተብሎ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይጠብቃል። አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና ይህን ብትጽፍ፣ ከእርሷ በፊት ማን እንደጻፈ አታውቅም። ሮማነወርቅ ካሳሁን በሬዲዮና በብዕር ምን እንደሠሩ አልተነገራትም። የፀሐይ መላኩን «ቋሳ» አላየችም። ስንዱን በፎቶ ታውቃቸዋለች፤ ፓርላማ የገቡ ሴት ናቸው። ስለዚህ ሴት ልጅ መጻፍ የጀመረችው ትናንት፣ በስልክ፣ የመጣ ይመስላታል። መንደር ውስጥ «ምን ትሞነጫጭሪያለሽ» ሲሏት የምትጠቅሰው የላትም። የመጽሐፉ እጦት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ደግሞም «ውኃ ይቅደም» የሚለው ሰው አንድ ነገር ያስብ። ውኃ እስኪመጣ መጽሐፍ ይቆይ የተባለበት ሰፈር፣ ውኃው ሲመጣ መጽሐፍ ደርሶት ያውቃል? ሕንጻው ሲነደፍ ለሱቅ ቦታ ተለካ፤ ለመኪና ማቆሚያ ተለካ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ተከፈተ፤ ግሩም ነው፤ ግን ከኮዬ ፈጬ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ ወደ መሃል ከተማ ታክሲ እየቀያየሩ አንድ መጽሐፍ ለማየት መሄድ የደሞዝተኛ ልጅ በየሳምንቱ የምትችለው አይደለም። ቤቱ ከከተማው ጫፍ የተሰጠው ሰው መጽሐፉ ከከተማው መሃል እንዲቀርለት አልተስማማም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉም ጠንካራው። «ስንዱ የባለሥልጣን ልጅ ናቸው፤ ስዊዘርላንድ የተማሩ፤ በንጉሡ ዘመን የተሾሙ። የኮዬ ፈጬ የገበሬ ልጅ፣ ምናልባትም ቤቷ ኦሮምኛ የምትናገር፣ ከእርሳቸው ጋር ምን አላት?» እውነት አለው፤ በዚያ ዘመን ያልተማሩት ሚሊዮኖች ብዕር አልነበራቸውም፣ ብዕር የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው። ግን ይህ መጽሐፉን ለማንበብ ምክንያት ነው እንጂ ለመተው አይደለም። የዚያች ልጅ ዓይን በ«የልቤ መጽሐፍ» ውስጥ ማን እንደሚናገርና ማን ዝም እንደሚል ከማንም ፕሮፌሰር ቀድሞ ያያል። ተቆጥታ መልስ ብትጽፍ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ለስንዱ ከሚለጠፈው መቶ ፎቶ ይሻላል።

ምን ይደረግ ለሚል፣ ነገሩ የተወሳሰበ አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የወ/ሮ ስንዱ ሥራዎች ባለቤት አላቸው፤ ወራሾቻቸው። አንድ ሰው ስካን አድርጎ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ቢለቀው ቅን ሥራ ይመስለው ይሆናል፤ ሕገ ወጥ ነው፤ በዚያ ላይ የተዛባ ገጽ ያበዛል። መንገዱ ወራሾችን አስፈቅዶ ማሳተም ነው። ይህን ማድረግ የሚችሉ አሉ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አለ፤ የደራስያን ማኅበር አለ፤ እርሳቸው የመሩት እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ደግሞ አገር የሚመሩ ሴቶችን አፍርቷል፤ የቀድሞ ተማሪዎቹ ለአንድ እትም ገንዘብ ማዋጣት አያቅታቸውም። ለየካቲት 29 ባነር፣ ቲሸርትና አዳራሽ የሚወጣው የአንድ ዓመት ወጪ ብቻ ስንት ቅጂ እንደሚያሳትም ሒሳብ ክፍሎቻቸውን ይጠይቁ።

ትምህርት ሚኒስቴርም ከተውኔቶቹ አንድ ትዕይንት በአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ቢያስገባ ምንም አይጎድልበት። ከሕይወት ታሪክ ሣጥን ይልቅ ጽሑፉ ይግባ። ተማሪ «ስንዱ ገብሩ መቼ ተመረጡ?» ተብሎ ከሚፈተን፣ «ይህች ገጸ ባሕርይ ለምን ዝም አለች?» ተብሎ ይፈተን።

የኮዬ ፈጬ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሚኒ ሚዲያ አላቸው፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜናና ግጥም የሚነበብበት። የካቲት 12 በመጣ ቁጥር እዚያ ማይክራፎን ላይ የሚነበበው ከኢንተርኔት የተቀዳ የሰማዕታት ታሪክ ነው። «የየካቲት ቀኖች»ን የጻፉት ሴት ግን ያንን የካቲት በዓይናቸው ያዩ፣ በእስር የከፈሉበት ናቸው። ተውኔታቸውም መጀመሪያ የታየው በትምህርት ቤት ነው፤ በተማሪ ልጃገረዶች።